ሃምሳ አንደኛው ድምፅ

ኖሪን ታገርት እንቁላሉን መጥበሻው ላይ ሰብራ ጨው ልታነሣ ዞር ስትል ነው የባሏን ድምፅ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል የሰማችው። ሎውል ጫማውን የሚወለውለው እዚያ ነው። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ስልክ ጆሮው ላይ መለጠፍ ትቷል፤ ድምፅ ማጉያውን ይከፍትና መደርደሪያው ላይ ከዱቄት ሳሙናው ጎን ያስደግፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ወሬውን አብሮ ያዳምጣል። ያን ጠዋት የደወለለት ስተርሊንግ ነበር፤ ጡረታ የወጣው ዐቃቤ ሕግ፣ የአርባ ዓመት ወዳጁ። ስተርሊንግ መጀመሪያ ስለ ወገቡ አወራ፣ ቀጥሎ ዛሬ ሎውል አባል በሆነበት በግዛቱ ምክር ቤት ድምፅ ስለሚሰጥበት ረቂቅ ሕግ አነሣ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው ረጅም እስራት የተፈረደባቸው ሰዎች ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይላቸው ስለሚፈቅደው። የኮርዴል ፑልያም እናት ትመጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ አለው። ሎውል ብሩሹን ሳያቆም፣ ትምጣ፣ እኔ የምጫነው ቀዩን፣ የተቃውሞውን ቁልፍ ነው አለ። ከዚያ ሳቅ አለ።

«እዚሁ በመካከላችን ይቅርና፣ ለዚያ ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ይበቃው ነበር። ጥር ላይ ቢመጣ ዐሥራ አምስት ነበር የምሰጠው። ጥቅምት ላይ መጣ፤ ምን ላድርገው? ያ ጥቅምት ምን እንደነበረ አንተ ታውቃለህ።»

ስተርሊንግም ሳቀ። ኖሪን ጨው ማስቀመጫውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። እኛ አገር ዳኛ የሚመረጠው በሕዝብ ድምፅ ነው። በየስድስት ዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የዳኞቻችን ስም በየሰው ግቢ ሣር ላይ ይተከላል፣ ፎቷቸው ከነፈገግታው በየፖስታ ሣጥኑ ይገባል፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወጥተን እንመርጣቸዋለን። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሎውልን የተፎካከረው አንድ ወጣት ጠበቃ ነበር፤ ታገርት ለወንበዴ ይራራል እያለ በየሬዲዮው አገሩን አተራመሰው። ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የኮርዴል ጉዳይ ቀረበ። ልጁ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጓደኛው መድኃኒት ቤት ገብቶ ሻጩን ጭኑ ላይ በጥይት ሲመታው ኮርዴል ውጭ መኪና ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። ሎውል ስድሳ ዓመት ፈረደበት። ሻጩ ድኖ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ እዚያው መድኃኒት ቤት ቆሞ ሲሸጥ ሁላችንም አይተነዋል።

ስድሳው ዓመት ለኖሪን አዲስ ነገር አልነበረም። የደነቃት ሌላ ነው። ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲናገር ኖሯል፤ ሕጉ እጄን አስሮት ነበር፣ ከስድሳ በታች መስጠት አልችልም ነበር ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ብሎታል፣ የልጃቸው ሠርግ ላይ ለአንድ የሕግ ተማሪ ብሎታል። እሷም ብላዋለች። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከወተቱ ማቀዝቀዣ ፊት ለፊት፣ የኮርዴል እናት ኦዴሳ ፑልያም ጋሪዋን አቁማ ሰላም አለቻትና፣ ዳኛው ለምን እንዲያ እንደጨከኑበት እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ስትል በትሕትና ጠየቀቻት። ኖሪን ቶሎ ነበር የመለሰችው። የባሌን እጅ ሕጉ አስሮት ነው እንጂ እሱማ አዝኖ ነበር አለቻት። ኦዴሳ ራሷን ነቅንቃ፣ አመስግና፣ ጋሪዋን ገፍታ ሄደች። ያን ቀን ኖሪን ሰው እንዳጽናናች ቆጥራ ነበር ቤቷ የገባችው። ከዚያም የባሰ ነገር አሁን ትዝ አላት፤ ያን ጥቅምት የምርጫ ዘመቻውን በራሪ ወረቀት ያጠፈችው እሷ ናት። የምግብ ጠረጴዛውን ዘርግታ ስድስት ሴቶች ሰብስባ፣ የዶሮ ሰላጣ አቅርባ፣ እየሳቁ አራት ሺህ ወረቀት አጥፈዋል። ወረቀቱ ላይ ኮርዴል ነበረበት፣ ብርቱካናማ የእስር ቤት ልብስ ለብሶ፣ ገና ጢም እንኳ ሳያወጣ።

እንቁላሉ አረረ። ሎውል በተወለወለ ጫማ ገብቶ ተቀመጠና ያረረውን ጠርዝ በቢላዋ ቆርጦ ወደ ዳር ገፋው። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራቸው በዚያ ቤት ጥያቄ የሚጠየቀው ስለ አየሩና ስለ ደም ግፊት ኪኒኑ ብቻ ነው። ኪኒኑን ውጠሃል ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ውጫለሁ አላት። የእንቁላል ዋጋ ወደ አምስት ዶላር መጠጋቱን፣ የጎረቤታቸው የሣር ማጨጃ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መነሣቱን አወሩ። ስታወራ የገዛ ድምፅዋ ደህና መሆኑ ገረማት።

ቀኑ የሎውል የመሰናበቻ ቀን ነበር። የመንደር ጠበቃ ሆኖ ጀመረ፤ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ዳኛ፣ ከዚያ ዐሥር ዓመት የምክር ቤት አባል። ችሎቱን ከለቀቀ ዐሥር ዓመት ቢሆነውም እኛ እስከ ዛሬ የምንጠራው ዳኛው ብለን ነው፤ ፀጉር ቆራጩም፣ ቄሱም፣ የራሱ ወንድምም። በዚህ ዓመት አልወዳደርም ብሎ ስለነበር ያ ቀን የመጨረሻው የጉባኤ ቀን ሆነ። ዓይኑን በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስለነበር መኪናውን የነዳችው ኖሪን ናት። ዋናው ከተማ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ነው። እሱ የስንብት ንግግሩን በጉልበቱ ላይ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እሷ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ የጭነት መኪና ተከትላ ትሄዳለች። ከነዳጅ ማደያው አልፈው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ሰሌዳ አልፈው፣ ወንዙ ድልድይ ላይ ሲወጡ ነው አፏን የከፈተችው።

«ያ የፑልያም ልጅ፣» አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «ትንሽ ልትቀንስለት አትችልም ነበር?»

ሎውል ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ ኖሪን። ሕጉ እጄን አስሮት ነበር።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚተነፍሳት ትንፋሽም ሳትቀር ነበረች፣ ሁልጊዜ ከዚያ አረፍተ ነገር ጋር የምትመጣው። ከጠዋቱ ይልቅ ይሄ አስደነገጣት። የጠዋቱን ባትሰማ ኖሮ አሁንም ታምነው ነበር። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፣ ጆሮው አልቀላም፣ ዓይኑ ከፊደሉ አልተነሣም። ይሄን ድምፅ እኮ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ እናቷ ስትሞት ያጽናናት ይኸው ድምፅ ነው፤ ሐኪሙ ምንም የለብሽም ብሏል ያላትም ይኸው ነው። የትኛው እውነት እንደነበረ ከእንግዲህ በምን ታውቃለች? የጭነት መኪናው ፍሬን ሲይዝ ልትገጨው ለጥቂት ተረፈች። ሎውል ረጋ ብለሽ ንጂ አላትና ወደ ንግግሩ ተመለሰ።

ምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ቢሮው ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። መጻሕፍቱ ካርቶን ውስጥ ገብተዋል፤ ግድግዳው ላይ ፎቶዎቹ የነበሩበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ይታያል፤ የቢሮው ጸሐፊ መሰናበቻ ኬክ አምጥታ ከላዩ ላይ በስኳር የዳኛ መዶሻ አሠርታበታለች። ሰው እየገባ እጁን ይጨብጠዋል። አንዱ ዓሣ ማጥመድ ትጀምራለህ ይለዋል፣ ሌላው አንተ ከሄድክ ይሄን ቤት ማን ሰው ያደርገዋል ይለዋል፤ ኖሪንንም አሁን ቤት ሲውል ምን ሊያደርጉት ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ፈገግ ትላለች። ምሳ ምድር ቤት ባለው ካፍቴሪያ በሉ፤ የቦሎቄ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ነበር። ሎውል መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ሁለት ዶላር ተኩል የነበረው አሁን ስድስት ከሩብ ሆኗል እያለ ለገንዘብ ተቀባይዋ አወራት፤ ሴትዮዋ ዳኛዬ ለእርስዎ ዛሬ በነፃ ነው አለችው፤ እሱ አይሆንም ብሎ ከፈለና ለእሷም ጨመረላት። ደግነቱ ደግሞ የውሸት አይደለም። ኖሪንን ግራ ያጋባት ይሄም ነው፤ ገንዘብ ተቀባይዋን የልጇ አስም እንዴት እንደሆነ ሳይጠይቃት አላለፈም። ሾርባዋን ሳትጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠች።

ሰባት ሰዓት ላይ ጉባኤው ተጀመረ። የሚሰናበት አባል ቤተሰቡን ከጎኑ ማስቀመጥ ይፈቀድለታል። እያንዳንዱ አባል ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ለድጋፍ አረንጓዴ፣ ለተቃውሞ ቀይ፤ ሲጫን ከፊት ለፊት ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ከስሙ ጎን መብራት ይበራል። የራሱን ቁልፍ ራሱ አባሉ ካልሆነ ሌላ ሰው እንዳይጫን መመሪያው ይከለክላል። መመሪያው በየመሳቢያው ውስጥ በጥሩ ቆዳ ተጠርዞ አለ፤ የሚከፍተው የለም እንጂ። አንዱ ስልክ ሊያወራ ሲወጣ ጎረቤቱ ይጫንለታል፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ እንዲሁ። በመሰናበቻ ቀን ደግሞ የልጅ ልጆች ጭን ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ይጫናሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ አፈ ጉባኤው ራሱ ያጨበጭብላቸዋል። የታገርት የልጅ ልጆች ሩቅ ስለሆኑ ያን ቀን የተጫነችው ኖሪን ናት። አንድ ድልድይ በሟች ወታደር ስም እንዲሰየም አረንጓዴ ተጫነች። ስለ ማር ማሸጊያ ጽሑፍ አረንጓዴ፣ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ቀይ። ሎውል፣ ሚስቴ ከእኔ የተሻለች አባል ናት አለና በዙሪያው ያሉት ሳቁ። በስተግራ የተቀመጠው ሆልኮም የሚባል ወጣት ገበሬ፣ ሚስስ ታገርት እርስዎ ለምን አይወዳደሩም አላት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በር ላይ ቆማ ሎውልን በእጇ ጠራችው። ከንግግሩ በፊት ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ጥያቄ ልትጠይቀው ነው። ሎውል ከረባቱን አስተካከለ፤ ቀጣዩ ረቂቅ ያ የእስረኞቹ መሆኑን በወረቀቱ አየና ጎንበስ አለ።

«ቀዩን ነው። ግር ካለሽ ሆልኮም ያሳይሻል።»

ሄደ። አንዲት የምክር ቤት አባል ተነሥታ ስለ ረቂቁ ተናገረች፤ ይህ ሕግ ማንንም አይፈታም፣ ጉዳያቸው በአዲስ ዳኛ እንዲታይ ብቻ ይፈቅዳል አለች። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የተበዳዮቹን ቤተሰብ አስቡ አለ። ሌሎቹ ስልካቸውን ያያሉ። ኖሪን ወደ ላይ፣ ሕዝብ ወደሚቀመጥበት ሰገነት ቀና አለች። ኦዴሳ ፑልያም የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ሰማያዊ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ አድርጋለች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። አርጅታለች። ኖሪን ዓይኗን ልትሰብር ፈልጋ ነበር፤ ኦዴሳ ግን አይታታለች፤ ከዚያ ላይ ሆና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻት፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ እንደምታደርገው። ስድሳ ዓመት ማለት ኮርዴል የሚወጣው ሰባ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ይቺ ሴት እስከዚያ አትኖርም።

ደወሉ ተደወለ። ለመጫን ያለው ጊዜ ሃያ ሰከንድ ነው። ሰሌዳው ላይ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ እያሉ በሩ፤ ከታገርት ስም ጎን ያለው ቦታ ጨለማ ነበር። ሆልኮም ቀዩን በጣቱ አሳያት። ኖሪን እጇን ዘረጋችና አረንጓዴውን ተጫነች።

ሆልኮም ወደ ሰሌዳው አየ፣ ወደ እሷ አየ። ቀዩን እኮ ነበር ያሉዎት ሊል አፉን ከፈተና ያኔ ሰዓቱ አለቀ፤ መብራቶቹ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። አፈ ጉባኤው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበ፤ ሃምሳ አንድ ለአርባ ዘጠኝ፣ ረቂቁ አልፏል አለ። ላዩ ሰገነት ላይ አንድ ሰው ጮኸ፤ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ማን ነው፣ ማን ነው ሲባባሉ ዓይኖቹ ሁሉ በሰሌዳው ላይ ተጉዘው ታገርት የሚለው ስም ላይ ቆሙ። ኖሪን እንዲህ ለጥቂት ይሆናል ብላ አላሰበችም። ልታሰማ የፈለገችው ባሏን ብቻ ነበር፤ ቢበዛ ኦዴሳ ከታገርት ስም ጎን አንድ አረንጓዴ መብራት እንድታይላት። አሁን ግን ሕግ አውጥታ ቁጭ ብላለች።

ሆልኮም ፊቱ ደም መስሎ ነበር። ነገሩን ቢያወጣው መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ቅድም እሱም የሦስት ሰው ቁልፍ ተጭኗል። ወረቀት አገላብጦ ዝም አለ። የቀረው ሎውል ብቻ ነበር። ኖሪን ዐሥር ዓመት የራት ወሬ ስትሰማ ኖራ ደንቡን ታውቀዋለች፤ ከአሸናፊው ወገን የተቆጠረ ማንኛውም አባል ቀኑ ሳይዘጋ ተነሥቶ እንደገና ይታይ ካለ፣ ድምፁ እንደገና ይሰጣል። ሎውል ደግሞ አሁን ከአሸናፊው ወገን ተቆጥሯል፤ ራሷ ናት እዚያ ያስገባችው። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ባለቤቴ ተሳስታ ነው ካለ ሁሉም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ኮርዴል እስር ቤቱ ይቀራል።

ሎውል በኮሪደሩ በር ሲገባ ጋዜጠኛዋና ሌሎች ሁለት ተከትለውታል። ዳኛዬ፣ ሃምሳ አንደኛው እርስዎ ነዎት ይሉታል። ቆመ። ወደ ሰሌዳው አየ፤ የታከመ ዓይኑን አጥብቦ ስሙን ፈለገና አገኘው። ፊቱ ላይ ያለው ቀለም ጠፋ። በወንበሮቹ መካከል እየተራመደ መጣ፤ ሰው በየረድፉ ትከሻውን ይመታዋል፤ አንዲት አሮጊት አባል ተነሥታ አቀፈችው። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ አጠገብ ተናገረ።

«ተሳስተሽ ነው?»

«አይደለም። ጠዋት ስተርሊንግን ያልከውን ሰምቻለሁ።»

ኖሪን ፊቱን አላየችም፤ የምታየው እጁን ነበር፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ጥፍሩ ነጥቶ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ያፍራል ብላም ጠበቀች፤ እንዲያውም የልቧን ተናገሪ ከተባለች፣ የተመኘችው ማፈሩን ነበር።

«ጥሩ፣» አላት። «እንግዲያው ለማንም አትናገሪ።»

አፈ ጉባኤው ለስንብት ንግግሩ ሲጠራው ሎውል ማይክራፎኑን ያዘ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ መኪና ውስጥ ያጠናውን ወረቀት ከኪሱ አወጣውና፣ አጥፎ መልሶ ከተተው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ስም ይዤ ነው የተኛሁት፣» አለ። «የአንድ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስም። ያኔ ሕጉ እጄን አስሮት ነበር። ዛሬ፣ በመጨረሻ ቀኔ፣ እግዚአብሔር እጄን ፈታልኝ።»

ቀጠለ። ስለ ችሎት ወንበር ብቸኝነት ተናገረ፤ ዳኛ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ተሸክሞ እንደሚገባ ተናገረ፤ ባለቤቴ ምስክሬ ናት፣ ስንት ሌሊት ስገላበጥ ሳድር አይታኛለች አለ። ኖሪን የምታውቀው ያን ጥቅምት ወር ሲያንኮራፋ እንደነበር ነው። ሎውል ድምፁ ተሰበረ፣ መነጽሩን አወለቀ። እንባው የእውነት ነበር። ይሄ ነው ደሟን ያቀዘቀዘው። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ በዚያች መንገድ ላይ ታሪኩን ፈጠረው፣ አሁን ደግሞ አምኖታል። ነገ ለፀጉር ቆራጩ ይነግረዋል፤ ለልጅ ልጆቹ ይነግራቸዋል፤ ሲሞት ቄሱ ሬሣው ላይ ያነበዋል። እሷ ደግሞ ከአጠገቡ ተቀምጣ የቀረውን ዕድሜዋን ስትሰማው ልትኖር ነው።

የጠረጴዛው ሁለተኛ ማይክራፎን ከፊቷ ነበር፤ ክንዷን ብትዘረጋ ትደርስበታለች። ቀይ ነው ያለኝ ማለት ሦስት ቃል ነው። አሰበችው፤ ከንፈሯም ተላቆ ነበር። ሦስቱን ቃል ካለች ግን ድምፁ ይሰረዛል፣ ሎውል ይዋረዳል፣ ሆልኮም ይዋረዳል፤ እነሱስ ይዋረዱ። ያቺ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ግን በመጣችበት አውቶቡስ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ኖሪን ከንፈሯን ገጠመች። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ሲጀምር ቁጭ ብላ ልትቀር ነበር፤ ሆልኮም እንደፈራ እያያት መሆኑን አየችና እሷም ተነሣች፣ አጨበጨበች። እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኖባት ነበር።

ጉባኤው ለአፍታ ሲያርፍ ኮሪደሩ በሰው ተሞላ። ቀኑ ገና አልተዘጋም፤ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይቆያሉ፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ተነሥቶ ነገሩን ሊያፈርሰው ይችላል። ሎውል ካሜራዎቹ መካከል ቆሞ ነበር፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ኖሪን የሁለት ሰው ካፖርት ተሸክማ ግድግዳው ሥር ተጠጋች። ኦዴሳ ፑልያም ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዳ፣ መደገፊያውን እየያዘች፣ በቀጥታ ወደ እሷ መጣች። ዓይኗ አብጧል። አጠገቧ ስትደርስ ወዲያው መናገር አቃታት፤ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ ፈለገች፣ አጥታ ዘጋችው። ኖሪን የራሷን ሰጠቻት።

«ሚስስ ታገርት፣ ያኔ ገበያ ውስጥ ዳኛው እንዳዘኑ ነግረውኝ አላመንኩዎትም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች ኦዴሳ። «ቢሆንም ጸልዬላቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከልጄ ስም ቀጥዬ የእሳቸውን ስም እጠራለሁ፤ ልባቸውን አራራልኝ እላለሁ። እርስዎ አብረው ነው የሚኖሩት። እንዲያው፣ ልባቸው ሲራራ አይተውታል?»

ኖሪን ወደ ሰዓቱ አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ከኦዴሳ ጀርባ ሆልኮም ግድግዳውን ተደግፎ ጆሮውን አቁሟል፤ ጋዜጠኛዋም ወደ እነሱ ዞር ብላ ነበር።

«አይቻለሁ፣» አለች።

ኦዴሳ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች፤ ለረጅም ጊዜ የጠበቀችውን ነገር የሰማች ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ሰዎቹን በትከሻዋ እየገፋች ሎውል ፊት ደረሰችና የቀኝ እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው። ካሜራዎቹ ተጠጉ። ሎውል ከሰማያዊው ባርኔጣ በላይ ኖሪንን አያት፤ እጁን ግን አልሰበሰበም።